ጎበዝ ያላልኳት ልጅ

ይህን ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ሥራዬ የልጆችን የማሰብ ችሎታ መለካት ነው። በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድና በሳን ሆሴ ትምህርት ቤቶች ይህን ፈተና በአማርኛ መስጠት መጀመሪያ የጀመርኩት እኔ ነኝ ይባላል። የኛ ሰው በየሰርጉ "ፈር ቀዳጅ" እያለ ያስተዋውቀኛል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ። ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ?

ረድኤትን የፈተንኳት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ኦክላንድ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና መንፈቅ ያልሞላት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ አትናገርም ብላ አስተማሪዋ ወደኛ ላከቻት። በፈተናው ሕግ ፈታኝ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል አይልም፤ ፊቱም ምንም አያሳይም። ልጅ መልሱን ከቀየረ ደግሞ የሚያዘው የመጨረሻው ነው።

ረድኤት ትመልሳለች፤ ልክ ትመልሳለች። ከዚያ ቀና ብላ ታየኛለች። ጎበዝ እንድላት ነው። እኔ ዝም። ዝም ስላት የተሳሳተች መስሏት መልሷን ትቀይራለች። አንዱን ጥያቄ እንዲህ፣ ቀጣዩንም እንዲህ። ለምን እንደምትቀይር አላወቅኩም ነበር? እንዴት አላውቅም! እኔም የአስተማሪዬን ፊት እያየሁ ነው ያደግሁት። ፈረንጅ ፈታኝ ቢሆን ባላወቀ ነበር። እኔ አወቅኩ፤ አውቄ ዝቅተኛውን ውጤት ጻፍኩ።

ፈተናውን ማቆም እችል ነበር። ይህ ውጤት የልጅቷን ችሎታ አያሳይም ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ግን አለቃዬ ለወገኗ አደላች እንዳትለኝ ፈራሁ። አይ፣ ይሄም ውሸት ነው። ጠንካራ ናት እንድትለኝ ፈለግሁ። አለችኝም።

አለቃዬ ልጅቷ ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች ወደተለየው ክፍል ትግባ ብላ በእንግሊዝኛ ስታስረዳቸው፣ እናቷ እትዬ አልማዝ አሻፈረኝ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ፣ የኔ እህት? እውነት ረድኤት ስፔሻል ክላስ ያስፈልጋታል?"

"አዎ እትዬ፣ ለሷም ይሻላታል" አልኩ።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ ሳይን ላድርግ።"

ፈረንጆቹን አይደለም ያመኑት፣ እኔን ነው።

ባለፈው ዓመት ሳን ሆሴ አጠገብ፣ ካምቤል ከተማ፣ ለቅሶ ቤት ከእትዬ አልማዝ ጋር ተገናኘን። አቅፈው ሳሙኝ። ረድኤት አድጋለች፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች።

"ታናናሾቿን ኮሌጅ ግቡ ብዬ ጠምጄ ነው የያዝኳቸው" አሉኝ። "እሷን ግን አላስጨነቅኳትም። አንዴ ነርሲንግ ሬጂስተር ላድርግ ብላኝ ነበር፤ ይቅርብሽ የኔ ልጅ፣ አትችይውም አልኳት። ቀድመሽ ባትነግሪኝ በከንቱ አደክማት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ!"

እኔስ ምን አልኩ? ተሳስቼ ነው፣ ልጅዎ ትችላለች አልኩ? "አብሮ ይስጥልን" አልኩ። ምስጋናውን ተቀብዬ ንፍሮዬን በላሁ።

ያኔ ጀማሪ ነበርኩ ብል ታዝኑልኝ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ግን ጀማሪ አልነበርኩም። ስልካቸውን ሰጥተውኛል፤ እስከ ዛሬ አልደወልኩም። ብደውል ስሜ ይጠፋል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስጀምር ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነበር። እናንተ ምን አድርጌያችሁ? የበደልኩት ረድኤትን ነው። እሷ ደግሞ መበደሏን እንኳ አታውቅም፤ አልችልም ብላ አምናለች።