ራሴን ለዳኛ ያሳየሁበት ዓመት

ጸጉሬ የረገፈው ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ አይደለም፤ ድኛለሁ ብዬ ከተነሣሁ በኋላ ነው። ተስቦ ክረምቱን ሙሉ አጋድሞኝ ለመስቀል ቆምኩ። ጎረቤቱ «እንኳን ተረፍሽ» እያለ መጥቶ ጠየቀኝ። እህል መብላት ጀመርኩ፤ ውኃ መቅዳትም ቻልኩ። በኅዳር አንድ ጠዋት ሹሩባዬን ልፈታ ስል ግን አንዱ ጉንጉን እንዳለ ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ። ምንም አላመመኝም። ያስደነገጠኝም ይኸው አለማመሙ ነበር። ወር ሳይሞላ ከግንባሬ እስከ መሐል አናቴ ተራቆተ፤ ከጆሮዬ በላይና ከማጅራቴ ያለው ብቻ ቀረልኝ።

ያን ጊዜ ከተዳርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አባቴ ስማዳ ውስጥ ቄስ ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዳዊት ያስደገሙትም እኔን ነው። ባሌ ከወገዳ ከተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አገር ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ ታላቅ እኅቱ ትኖር ነበር። የእሷ ጸጉር እስከ ወገቧ ይወርዳል። ለሠርግም ሆነ ለጥምቀት የአገሩን ሴት ሹሩባ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ እኔንም ስትሠራኝ ኖራለች። ሥር ሥሩን ይዛ ስታጠብቀው ዓይኔ እንባ ያቀር ነበር፤ ቢያመኝም «እጅዎን ይባርከው» እላት ነበር።

ከኅዳር ወዲህ መሄድ ተውኩ። ራሴን በሻሽ ሁለት ዙር እየጠቀለልኩ ብቻዬን የሰማሁትን ሁሉ ሞከርኩ። ለጋ ቅቤ ቀባሁ፤ ጥቁር አዝሙድ ወቅጬ ለወስኩ። አንድ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ሰውዬ የሰጠኝን ጥቁር ቅባት ብቀባው ቆዳዬ ተላጠና ሳምንት ሙሉ ትራስ መንካት አቃተኝ። ባሌ ይህን ሁሉ ያያል፤ አንድ ቀንም «ምን ሆንሽ» አላለኝም። ዋርሳዬ፣ የባሌ እኅት፣ ግን በአጥሩ በኩል ትጠይቀኛለች።

«ለምን አትመጪም? ማን እየሠራሽ ነው?»

«እትዬ፣ ራሴን ስለሚያመኝ ነው» እላታለሁ።

የጥር ማርያም ዕለት ታቦቷ ከገባች በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ሜዳው ላይ ይጨፍር ጀመር። እኛ ሴቶቹ ክብ ሠርተን እናጨበጭባለን። ዋርሳዬ መሐል ገብታ አንገቷን ስታርገፈግፍ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ይደንሳል። ጨፍራ ጨፍራ ወደኔ መጣች።

«ነይ ግቢ።»

«ይቅርብኝ እትዬ፣ አቅም የለኝም።»

«አቅም ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው የሌለሽ?»

ሴቶቹ ሣቁ። እኔም አብሬ ለመሣቅ ስሞክር እጇን ዘርግታ ነጠላዬንም ሻሼንም ባንድ ላይ መንጭቃ ወሰደችው። ጥር ነውና ነፋሱ ባዶ ቆዳዬን ሲነካው ተሰማኝ።

«ኑ እዩ! ወንድሜ ቅል አግብቶላችኋል!»

ጭብጨባው ቆመ። ባሌን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። ጋቢውን አውልቆ እስኪያለብሰኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሣቀ። በኋላ «ደንግጦ ነው» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ደንግጦም ይሁን ምን፣ ጥርሱን አይቻለሁ።

ነጠላዬን ከመሬት አንሥቼ ተከናነብኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዋርሳዬን አንቱ እንጂ አንቺ ብያት አላውቅም ነበር።

«አንቺ» አልኳት። «ለዚህ ችሎት ትቆሚያለሽ።»

ወደ ባሌ ቤት አልተመለስኩም። ከሜዳው በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሰምተው አለቀሱ። ከዚያ ግን «ተይ ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው» አሉኝ።

«እግዚአብሔር እስኪፈርድልኝ እሷ እየጨፈረች ልትኖር ነው፣ አባቴ?»

በማግሥቱ ማመልከቻውን በራሴ እጅ ጻፍኩ። አጥቢያ ዳኛው ሽማግሌ ላከብኝ፤ አልታረቅም አልኩ። ነገሩ ወገዳ ካለው ወረዳ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ችሎት ቀረብን። ዳኛው ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በምስክርነት የቆጠርኳቸው ሦስት ሴቶች ሦስቱም «አላየንም» አሉ። ለፋሲካ ሹሩባቸውን የምትሠራው ማን ሆነችና! ዋርሳዬ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ግርግር ነበር፤ ተጋፍተን ሻሽዋ ወደቀ። እኔ ዘወር ብዬም ራሷን አላየሁት። እኔ እስከማውቀው ጸጉሯ ሙሉ ነው፤ ስሠራት የኖርኩት እኔ ነኝ። ከምን ተነሥቼ ቅል እላታለሁ?»

ዳኛው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ምስክር የለሽም። ራስሽ ምን እንደሚመስል ብታሳዪን ነገሩ ይገለጣል።»

እጄ ወደ ሻሼ ሄደና እዚያው ቀረ። ችሎቱ ወንድ ሞልቶበታል፤ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቃል። ሻሼን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ። ዋርሳዬ ከንፈሯን ነክሳ ሣቋን ስታፍን አየኋት።

«እንግዲያው ልብሽን አደላድለሽ ከፋሲካ በኋላ ትቀርቢያለሽ» አሉ ዳኛው።

በአባቴ ደብር አጠገብ በጎጆ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ያፈርኩትን ሰምተው አስጠሩኝና ሻሼን ራሳቸው ፈቱት። አናቴን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ሥሩ አልሞተም» አሉ። «በሽታው ሰውነትሽን በላው፤ ጸጉርሽ የሚመገበው አጥቶ ወደቀ። ይኸው ነው። ቅቤ ላይ ቅቤ እየለጠፍሽ፣ ያንንም መርዝ እየቀባሽ ቆዳሽን አፈንሽው።»

በየቀኑ ማለዳ እሳቸው ዘንድ መሄድ ያዝኩ። ራሴን ለብ ባለ ውኃ ያጥቡኛል፤ ከዚያ የእሬት ቅጠል ሰንጥቀው ዝልግልጉን ይቀቡኛል፤ ቆዳዬንም በጣታቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ያሹታል። ጠዋት ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ራሴን ገልጬ እቀመጣለሁ። የቀረውን ጸጉር እንዳልጎነጉነው፣ ሻሼንም እንዳላጠብቀው አስጠነቀቁኝ። ጾም ነውና ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ተልባውን «ብዪ፣ ጨምሪ» ይሉኛል። አምስት ሳምንት አለፈ። በሆሣዕና ማግሥት ግንባሬን ሲዳብሱ ድንገት እልል አሉ።

«በቅሏል! ይኸው ንኪው!»

ነካሁት። እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ነገር ነው። እሳቸው ደስ ብሏቸው አማተቡ። እኔ ግን እጄን መለስኩ። ወደ አእምሮዬ የመጣው መዳኔ አልነበረም፤ ዋርሳዬ በችሎት ቆማ «አላልኩም? ሙሉ ነው!» ስትል ነው የታየኝ።

አባቴ እሾህ የሚያወጡበት ወረንጦ ነበራቸው። በማግሥቱ ከከብቶቹ በረት ኋላ ተቀምጬ አንድ አንዱን መንቀል ጀመርኩ። አዲስ ጸጉር ቀላል ነው፤ ቶሎ ይወጣል። በሰሙነ ሕማማት ሰው ሲሰግድ እኔ ስነቅል ዋልኩ። ያ ቢያልቅም አላረካኝም። በሽታው ያልነካውን፣ ከጆሮዬ በላይ ያለውንም ነቀልኩት። ይህኛው አሞኛል፤ ደምቷልም። ባመመኝ ቁጥር የዋርሳዬን ሣቅ እያሰብኩ ቀጠልኩ።

የፋሲካ ሰሞን እማሆይ አዩኝ። መጀመሪያ የበሽታ መስሏቸው ደነገጡ። ቀረብ ብለው የደረቀውን ደም ሲያዩ ግን ገባቸው።

«አንቺ ነሽ?»

«ለዳኛው ነው እማሆይ። እስከ ቀጠሮው ብቻ።»

«እኔ ጾሙን ሙሉ የደከምኩት ለዳኛ ነው?» አሉና የእሬቱን ጣሳ አንሥተው ውኃውን ደጅ ደፉት። «ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ።»

ከሰው ሁሉ የእሳቸው ቁጣ ከበደኝ። ግን ወረንጦውን አልጣልኩትም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ዳኛው ስሜን ሲጠሩ ወጥቼ ሳይጠይቁኝ ሻሼን ፈታሁ። ከችሎቱ አንድ ሰው «እግዚኦ» ሲል ሰማሁ። ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ዳኛው ብቻ ትክ ብለው አዩኝ። ከዋርሳዬ ፊት ላይ ሣቁ ጠፍቶ ነበር። ወዲያው ግን ከጆሮዬ በላይ ያለውን ቁስል አየችና ዓይኗ በራ።

«ጌታዬ፣ አጭበርብራለች! ነቅላው ነው! ይኸው ደም አለ!»

ዳኛው «ነቅለሽዋል?» አሉኝ።

ከአባቴ ፊት፣ በመስቀል ምዬ የቆምኩ የቄስ ልጅ ነኝ። «አዎ ጌታዬ» አልኩ። «መሐሉን በሽታ ወስዶታል። ሲበቅል የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከጆሮዬ በላይ ያለውንም ነቅያለሁ። ያን ዕለት ያየችውን እንዲያዩልኝ ብዬ ነው።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ነገሬ አከተመ አልኩ። ዋርሳዬ ግን ማሸነፏን አይታ ዝም ማለት አቃታት።

«ውሸቷን ነው! ያን ለታ ስገልጣት ከጆሮዋ በላይ ጸጉር ነበራት! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«ስገልጣት አልሽ?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ባለፈው ተጋፍተን ወደቀ፣ ዘወር ብዬም አላየሁ ብለሽኝ ነበር። ጸሐፊ፣ አሁን ያለችውን ጻፍልኝ።»

የብዕሩ ድምፅ ያን ቀን እንደጣፈጠኝ ምንም ነገር ጣፍጦኝ አያውቅም። ዳኛው ጥፋተኛ ናት አሉና ቅጣቱን ለመወሰን የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። እኔንም ተቆጡኝ፤ «ሁለተኛ በገዛ አካልሽ ላይ እንዲህ እንዳታደርጊ» አሉ። «እስከ ቀጠሮው ብትታረቁ ግን ክሱን ማንሣት ትችያለሽ።»

ዋርሳዬ እስር ስለፈራች በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች አባቴ ቤት መጡ። ባሌም ከኋላቸው አለ። ካሳ ሊሰጡኝ ጠየቁ፤ አልፈልግም አልኩ።

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

«ለልደታ ያ ሜዳ ላይ፣ ያ ሕዝብ ባለበት፣ ራሷን ገልጣ ድንጋይ ተሸክማ ትለምነኝ። ድንጋዩን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

አባቴ «ልጄ!» አሉ። ቃሌን አላነሣሁም።

ከወንዙ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ መረጥኩ። ለወጉ ቀላሉ ይበቃ ነበር፤ እኔ ከባዱን ወሰድኩ። የግንቦት ልደታ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ዋርሳዬ ጸጉሯን ፈትታ ድንጋዩን በጫንቃዋ ተሸክማ መጥታ ፊቴ ቆመች፤ አንገቷ ጎብጧል። «ስለ ማርያም ብለሽ ማሪኝ» አለች። ወጉ ወዲያው ድንጋዩን አንሥቼላት ይቅር ለእግዚአብሔር ማለት ነው። አላነሣሁም። የደብሩ አለቃ «ልጄ፣ አንሺላት» አሉኝ። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ሁለተኛ ጠሩኝ። እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሻሼን ፈታሁ።

«ቀና በይ» አልኳት። «አላየሁም ብለሻልና እይው።»

ቀና ብላ አየችው። ማልቀስ ጀመረች። አለቃው ሦስተኛ ሲጠሩኝ ድንጋዩን አንሥቼ ጣልኩትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያች ቀን በኋላ ብዙ ሰው «ጨክነሻል» ብሎኛል። አዎ፣ ጨክኛለሁ። ያን ሌሊት ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ባሌ እዚያው ሜዳ ላይ «እንግዲህ ወደ ቤትሽ እንሂድ» ሲለኝ «ጥርስህን አይቻለሁ» ብቻ አልኩት። በዚያው ክረምት በሽማግሌ ተፋታን።

እማሆይ ዘንድ ተመልሼ ደጃቸው ላይ ሦስት ጠዋት ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ወጥተው ውኃ ጣዱ። ጸጉሬ በቀለ፤ በዓመቱ ግንባሬን ሸፈነ። ከቀኝ ጆሮዬ በላይ፣ ደም እስኪወጣ የነቀልኩበት ቦታ ግን እስከ ዛሬ ሳስቷል። እሱን በሽታ አላደረገውም፤ ዋርሳዬም አላደረገችውም። ይህን እማሆይም ያውቁ ነበር፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይዘገያል።

በኋላ ንፋስ መውጫ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ አግብቼ ገባሁ። ሴት ልጆቼን ሹሩባ የምሠራቸው እኔው ነኝ፤ ልል አድርጌ ነው የምጎነጉነው። ለብ ባለ ውኃ አጥባቸዋለሁ፤ ቅቤ የምቀባቸው ለጸጉራቸው ጫፍ እንጂ ለቆዳቸው አይደለም። ከበሽታ ተነሥተው ጸጉራቸው የሚረግፍ ሴቶችም ይመጡብኛል። «አትደንግጪ፣ ሥሩ አልሞተም፤ ደኅና ብዪና ታገሺ» እላቸዋለሁ። የምላቸው እውነት ነው።

ከስንት ዓመት በኋላ በንፋስ መውጫ ገበያ ከዋርሳዬ ጋር ተገናኘን። አርጅታለች። ቅርጫቷን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ፣ በአንቱታ፣ «እንደምን ሰነበቱ እቴ?» አለችኝ። ባለ ሱቁ የገዛሁትን ጨው መዝኖ እስኪጨርስ ጠብቄ ተቀበልኩና መልስ ሳልሰጣት ወደ ቤቴ ሄድኩ።