መታወቂያዋ ሠላሳ አራት ይላል

ስርጉት ልብስ ሰፊ ናት። አሶሳ ገበያ ዳር፣ የሱቆቹ ቆርቆሮ ወደ መንገድ ወጣ ካለበት በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናዋን ከባቢከር መኪና ጎን ዘርግታ አሥራ ሁለት ዓመት ሰፍታለች። እሱ ጀለቢያ ይሰፋል። እሷ ጋ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሴት ቀሚስ፣ የጠበበውም የተቀደደውም ይመጣል። በመሐላቸው አንዲት በርጩማ አለች፤ ቁልፍ ላስተክል ብሎ የመጣ ሰው ቁልፉ ከተተከለለት በኋላም አንድ ሰዓት ይቀመጥባታል። እኔም ይህን የሰማሁት እዚያችው በርጩማ ላይ ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አታይም ነበር። መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያህል ይወፍር ነበር። ስትሰፋ ግን ታወልቀው ነበር። ከጨርቁ አንድ ስንዝር ትጠጋና በጥቁር ጨርቅ ላይ የተሰፋን ጥቁር ክር አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር። የገበያው ሰው ጥቁር ልብስ ሲኖረው "ለስርጉት ስጧት" የሚለው በዚህ ነው። ባቢከር የቤርታ ሰው ነው፤ በእሱ አማርኛ ወንዱም ሴቱም "አንተ" ነው።

"ስማ ያ ስርጉት፣ ጨርቅ ትሰፋለህ ወይስ ታሸታለህ?"

"የእርስዎን ጀለቢያማ አላሸትም ጋሽ ባቢከር፤ አፍንጫዬን ይዤ ነው የማልፈው።"

ችግሩ ሩቁ ነበር፤ መነጽሯን አውልቃ ስትሰፋ የሚያልፈውን ሰው አትለይም። በእኛ አገር ሰው አይቶ ሰላም ሳይል ያለፈ ኩሩ ነው፤ ስርጉትም ስሟ ኩሩ ሆኖ ቀረ። "አላየሁሽም እኮ" ማለት ሰለቻት። ባለቤቷ ካሣዬ ማንኩሽ በኩል ነው የሚሠራው፤ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። አንድ ጊዜ መነጽሯ ተሰብሮ፣ ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ያለ መነጽር ልትቀበለው መናኸሪያ ሄደች። በአጠገቡ አለፈች። እሱም ዝም ብሎ ከኋላዋ ተከተላትና የመናኸሪያው በር ጋ ሲደርሱ "ማንን ፈልገው ነው፣ እመቤት?" አላት። ሁለቱም እየሳቁ ቤት ገቡ። እራት ላይ ግን ቀና ሳይል፣ "ከሩቅ አይተሽኝ ስቀሽልኝ አታውቂም" አለ። ነገሩን ስትነግረኝ መኪናዋን አቆመች። ሌላ ጊዜ ስታወራ አታቆምም።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ያለችው የአክስቷ ልጅ ሊድያ በስልክ ያባበለቻት። እሷም ዓይኗን በሌዘር ታክማ መነጽር ጥላለች።

"አሥር ደቂቃ ነው እህቴ! በነጋታው የግድግዳ ሰዓት ታነቢያለሽ።"

"ዓይኔን በእሳት?"

"ኧረ ብርሃን ነው!"

የስርጉት እናት እማማ አሰለፈች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከአምባሰል፣ በመንግሥት መኪና ተጭነው መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ ዛሬም ከከተማው ወጣ ብሎ አምባ በሚሉት የሰፈራ መንደር ያርሳሉ። ንግግራቸውን አሶሳ አላስለወጣቸውም። "አንች ልጅ፣ የሚያይ ዓይን ይነካል? ክር የምታስገቢበት እንጀራሽ አይደለም እንዴ?" አሉ። ስርጉት አንድ ዓመት ሙሉ አወጣች፣ አወረደች። የፈራችው እናቷ ያሉትን ነው፤ ዓይኗ ቢበላሽ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

እዚህ ላይ የመታወቂያዋን ነገር መናገር ግድ ነው። በሁለት ሺህ አምስት ወጣቶች በማኅበር ሲደራጁ የስፌት መኪና ይሰጥ ነበር፤ የዕድሜው ጣሪያ ግን ሃያ ዘጠኝ። ስርጉት ሠላሳ ሁለት ሞልቷታል። ሦስት ዓመት ብቻ እንዲቀነስላት አንዱን የቀበሌ ጸሐፊ ለመነችው። ጸሐፊው ሳቀና "ከተቆረጠ አይቀር" ብሎ አሥር ዓመት ቆረጠላት። በዚያ ዘመን ያልቆረጠ ማን አለ? መኪናዋን አገኘች፤ ዕድሜውም በዚያው ቀረ። መታወቂያ በታደሰ ቁጥር ያው ቁጥር ይገለበጣል። ልጆቿም የሚያውቁት እሱን ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ መንገዱ አያስተማምንም ተብሎ በአውሮፕላን ሄደች። ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ነርስ መታወቂያዋን ተቀብላ ካርዱ ላይ ሠላሳ አራት ብላ ጻፈች። ብዙ ምርመራ ተደረገላት። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳት።

"ሥራሽ ስፌት ነው። ሰው አርባን ሲያልፍ የቅርቡ እይታ ይደክማል፣ ሁላችንም ነን። ቅርብ አይቶ ሩቅ የማያይ ሰው ግን መነጽሩን አውልቆ ያነባል፤ እኛ ሩቁን ስናስተካክልለት ያ ይቀርበታል። አርባ ሞልቶሽ ቢሆን ቁጭ ብለን ሌላ ነገር እንነጋገር ነበር፤ ምናልባትም ተይው እልሽ ነበር። አንቺ ግን ገና ስድስት ዓመት አለሽ።"

ስርጉት አርባ አራት ዓመቷ ነበር።

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ምን ብዬ? መታወቂያዬ ውሸት ነው ልበለው? ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ካሣዬም እኔም ያጠራቀምነውን ይዤ ሄጄ? ደግሞ… ስድስት ዓመት አለሽ ሲለኝ ደስ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲዋሽልኝ የኖረ ወረቀት፣ እኔም አመንኩት።"

ሥራው እንደተባለውም አጭር ነበር። ቀይ ነጥብ እያየሽ ተኚ አሏት። መሣሪያው ጠቅጠቅ ሲል የራሷ መኪና መሰላት፤ ሽታው ደግሞ ካውያ ሱፍ ላይ ሲረሳ የሚሸተው ነው። በነጋታው በሊድያ ቤት መስኮት ላይ ቆማ የታክሲ ታርጋ አነበበች፤ አለቀሰችም።

አሶሳ ስትመለስ በረንዳው ላይ ሆና ከመንገዱ ማዶ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ትጠራ ጀመር። ሰዉ ደነገጠ። "ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት?" ይባባሉ ነበር። ባቢከር፣ "ማሻአላህ፣ አሁን ሰው ሆንክ፤ ግን ተወው፣ ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ብቻ" አላት።

ወሩ ግን ሣር የሚቃጠልበት ነው። ጭሱ ከየገጠሩ ወጥቶ ከተማው ላይ ይተኛል። ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል ይደርቃል፤ ጠብታ ታደርጋለች፣ ይቆረቁራታል፣ ደግማ ታደርጋለች። መርፌው ደብዝዞ ሲያስቸግራት በጭሱ አመካኘች። ሊድያም "እስኪረጋ ታገሺ" አለቻት። ታገሠች። ጭሱ ሄደ፣ ዝናቡ መጣ፣ መርፌው ግን አልጠራም። ጨርቁን እንደ ድሮው ስትጠጋው ጭራሽ ይጠፋል፤ ስታርቀው ይሻላል፣ ክንዷ ግን አልደርስ አለ። በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ሩብ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር። ማታ ራሷን ያማታል። ለማንም አልተናገረችም። "ጥቁር ልብስ አልቀበልም" ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ ሰማያዊውንም ተወች።

"የሚያስቅ ነው" አለችኝ ሳትስቅ። "ማዶ የሚያልፈው ሰው የሸሚዙ ቁልፍ መውደቁን አያለሁ። ና ልትከልልህ እንዳልል እጄ ላይ ያለውን አላይ።"

ሰኔ ላይ ጎረቤቷ እየሩስ አባቷ ሞቱባት። ጥቁር ጨርቅ ተሸክማ፣ ዓይኗ አብጦ መጣች። ለሐዘን ልብስ እንቢ አይባል። ስርጉት ተቀበለችና ቆረጠች፤ መስፋትም ጀመረች። ጥቁሩን ክር ከጥቁሩ ጨርቅ መለየት አቅቷት በእጇ እየዳሰሰች ጠርዙን ስትገፋ መርፌው የሌባ ጣቷን ጥፍር በስቶ ወጣ።

እየሩስ የራሷን ሐዘን ረስታ ጮኸች። "ተይው እህቴ፣ ተይው! ሳይሰፋ እለብሰዋለሁ!"

ባቢከር ተነሥቶ መርፌውን በጉጠት አወጣላት። ጣቷን በጨርቅ ካሰረ በኋላ የራሱን፣ በላስቲክ የታሰረውን መነጽር ከግንባሩ አውልቆ አፍንጫዋ ላይ አደረገላት።

"ተመልከት።"

ተመለከተች። ክሩ፣ ስፌቱ፣ ጠማማው ጠርዝ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። ስፌቱ የእሷ አይመስልም ነበር።

"ዓይን አልታመመም" አለ ባቢከር። "ይሄ ዕድሜ ነው። እኔም ጋ መጣ፣ ሁሉም ጋ ይመጣል።"

"እኔ ሠላሳ አራት ነኝ እኮ፣ ጋሽ ባቢከር።"

"ላ፣ ላ፣ አይደለህም። እናትህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ በርጩማ ላይ ስንት ጊዜ ተናገረ? በሰባ ሰባት አንተን አዝሎ ከመኪና ወረደ። አራት ዓመት ልጅ፣ ከባድ፣ ወገቤን ቆረጠኝ ይላል። እኔ ጀለቢያ ሰፋለሁ እንጂ ቁጥር አላውቅም? ኸላስ፣ ተወው።"

እየሩስ በዕንባዋ መሐል ሳቀች። ስርጉት ግን አልሳቀችም፤ ደክሟት መኪናው ላይ ግንባሯን አስደገፈች።

በሳምንቱ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሄደች። የመረመራት ዲንሳ የሚባል የባምባሲ ልጅ ነው።

"ሩቁ በጣም ጥሩ ነው፤ ሠሪው ጎበዝ ነው" አላት። "የቅርቡ ግን በዚህ ዕድሜ እንዲህ አይሆንም ነበር። ስንት ነሽ? መታወቂያሽ ሠላሳ አራት ይላል።"

"እሱ ለማኅበር ነው።"

"ለዓይንሽስ?"

"ለዓይኔ አርባ አራት ብለህ ጻፍ።"

ጻፈ። የማንበቢያ መነጽር፣ አንድ ተኩል። ከቁጥሩ ጋር ነገሩን ደግሞ ነገራት፦ ይህ አይድንም፣ እየቆየ ይጨምራል፤ ጠብታውንም በየበጋው አትተይ። "መስፋት ግን ትችያለሽ፤ በፊት ከምትሰፊው ቀስ ብለሽ።" የእየሩስን ቀሚስ ተርትራ እንደገና ሰፋችው። ድሮ በግማሽ ቀን የምትጨርሰው ሁለት ቀን ወሰደባት። ጥቁር ልብስ ዛሬም ትቀበላለች፤ ረፋድ ላይ ብቻ፣ ብርሃኑ በረንዳው ላይ ሲገባ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለነገ ትላለች።

ካሣዬ በመጣ ጊዜ መናኸሪያ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከአውቶቡሱ ሲወርድ፣ ገና ቦርሳውን ሳይዝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ለየችውና ሳቀችለት። እሱ ዞር ብሎ ለማን እንደሆነ ፈለገ። ቤት ደርሰው አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለውን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ደግሞ መነጽር? ያ ሁሉ ድካም?"

"ይሄ ለክር ነው። አንተን ያለ መነጽር ነው ያየሁህ።"

"ከቅርብ ስሆንስ?"

መነጽሩን አደረገችና ፊቱን እንደ ስፌት መረመረችው። "አርጅተሃል" አለችው።

"አንቺስ?"

"እኔም" አለች። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ጠብታዋን አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ጋደም አለች።