የቬንትሌተሩ ሽምግልና

ድንበሩን ጋላፊ ላይ ስንሻገር የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ መሪውን የያዙት ጋሽ ሙሉጌታ፤ መሀል ላይ ሻንጣዋን አቅፋ ሀራሙስ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ልትቀጠር የምትሄደው ዘነበች፤ በሩ ጥግ ደግሞ እኔ። ከደሴ በሹራብ ነበር የወጣሁት። እኛ ዘንድ ሲመሽ ይበርዳል፤ ያን ምሽት ግን ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይብስ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ አዩኝና «እሱን አውልቀህ ትራስ አድርገው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ትራሴ ነው።

ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። ሐምሌ ላይ ሀምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲጀምር ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የደረሰ ነው። ያለ ቬንትሌተር እንቅልፍ የለም፤ ሳይተኙ አድረው ደግሞ ወደብ ላይ ጆንያ መሸከም አይቻልም። አሮጌው ቬንትሌተሬ ሲቆም ሰፈራችን ውስጥ ለሚጠግነው ለሀሰን ሰጠሁት። ተጠገነ ተብሎ ቤት ወስጄ ብሰካው አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ እዚያው ይቀራል፤ ትንሽ ቆይቶም ክንፉ ይደክምና ቀጥ ይላል። መልሼ ወሰድኩት።

ሀሰን ድሬዳዋ የኖረ ስለሆነ አማርኛ ይችላል።

«ነፋስ ይሰጣል አይሰጥም?» አለኝ።

«ይሰጣል፤ ግን ቶሎ ይቆማል።»

«አንተስ ስትሠራ ውለህ አትቆምም? የማይቆም ነፋስ ከፈለግህ ደሴ ሂድ!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ዝምተኛ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ፤ ፖሊስ እጠራለሁ አልኩ። የሀሰን ፊት ተለወጠ። «አንተ፣ ሰው የለህም እንዴ?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ስድብ መሰለኝ። በቃ፣ ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር ወደ አገሬ ልመለስ ነው ብዬ ለዘነበች ደወልኩላትና የሆነውን ነገርኳት።

«ብቻህን ነው የሄድከው?» አለችኝ።

«ቬንትሌተሩ የኔ፤ ከማን ጋር ልሂድ?»

«አንተ ቂል! እዚህ ሰው ሲጣላ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩት የሁለቱም ወገን ሰዎች ናቸው። ሰው አምጣ ነው ያለህ። ዓርብ እረፍቴ ነው፤ ጋሽ ሙሉጌታም ጭነት እየጠበቁ ነው። እንመጣልሃለን።»

ዓርብ ከሰዓት ሱቁ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሀሰን አጎቱን አስጠራ። ሻይ መጣ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግመል ተወራ። ቬንትሌተሩ መሀላችን ተገትሯል፤ የሚያነሳው የለም። «መቆሙን ንገሯቸው እንጂ» ብዬ ሳንሾካሹክ ጋሽ ሙሉጌታ ጉልበቴን ቆነጠጡኝ። በመጨረሻ ወደ እኔ እያመለከቱ በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አጎትየው ጢማቸውን ይዘው ሳቁ፤ ዘነበችም አፏን በሻርፕዋ ሸፈነች። ሀሰን ተነሥቶ ቬንትሌተሩን ፊታችን ፈታ፤ ከመደርደሪያው ሌላ ሞተር አውርዶም ገጠመልኝ።

«ሰው እንዳለህ መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ፣ በቅሬታ።

ዛሬም በደጁ ሳልፍ «አባትህ መቼ ይመጣሉ?» ይለኛል። ጋሽ ሙሉጌታ አባቴ እንዳልሆኑ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

ባለፈው እናቴ ደውላ «እዚያ ሰው አለህ ወይ ልጄ?» አለችኝ።

«አለኝ፣ እማዬ።»

«ከኋላህ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?»

«ሰዎቼ ያስጠገኑልኝ ቬንትሌተር ነው።»

ጋሽ ሙሉጌታ መስመሩን ትተዋል፤ ዘነበችም አገር ገብታለች። ሁለታችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ የዘለልኩትን ሙሉልኝ። ከሁሉም በላይ፣ ያን ቀን ስለ እኔ ምን ነበር የተባለው? ሶማሊኛ አሁን ችያለሁ፤ ሀሰንን ስጠይቀው ግን «አባትህን ጠይቅ» ነው የሚለኝ።