ሰላም የማይል ፕሮግራም

የጋሼን ፕሮግራም ያከሳሁት እኔ ነኝ። ጋሼ አለቃዬ ናቸው። እዚህ ናዝሬት ያለው ቢሯችን የጭነት መኪና ያሰማራል፤ ለየሾፌሩ ተራውንና ወረቀቱን የሚያሳየውን ፕሮግራም እሳቸው በጎልማሳነታቸው ብቻቸውን ጽፈውታል። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እንደ ልብ ይሠራል። ሾፌሮቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ሆነው በስልካቸው እንዲከፍቱት ወደ ድረ ገጽ ሳዛውረው ግን ጉድ ፈላ! አንዲት ትእዛዝ ስጠራ ከነዘመድ አዝማዷ ትመጣለች፤ ሠርግ የደገስኩ ነው የሚመስለው። ሁሉም እስኪወርድ ገጹ አይከፈትም። አንዱ ሾፌር በድምፅ መልእክት፣ «እህቴ፣ ስልኬ ላይ ያቺ የ‹ጠብቅ› ክብ እየዞረች ነው፤ በዚህ ፀሐይ እኔም መዞር ልጀምር ነው» አለኝ።

የድርጅቱ ባለቤት ቁርጡን ተናገሩ፦ እስከ ሰኞ ቶሎ የማይከፈት ከሆነ የአዲስ አበባ ልጆች ሌላ ይሠራሉ፣ የጋሼ ይጣላል። ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ነው፤ አንጀቴን በሉት።

ላቅጥነው ስላቸው ግን አሻፈረኝ!

«ይሄ የድሮዋ ጩኸታም ፕሪንተር ማዘዣ ምን ይሠራል? በስልክ ማን ያትማል?»

«ይቀመጥ። አንድ ቀን ይፈለጋል።»

«የፍሎፒውስ?»

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ሰብስቢ!»

ደግነቱ ቅዳሜ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ሶደሬ ፍል ውኃ ሄዱ። እግራቸው ከመውጣቱ ምላጬን ሳልኩ። የፕሪንተሯን፣ የፍሎፒውን፣ ማንም የማይጠራውን ሁሉ ጠረግሁት። አሁንም ይከብዳል። በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኘሁት፦ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚሰማው፣ ሾፌሮቹ ቢሮ ሲመጡ የለመዱት የጋሼ ሰላምታ። «አካም ቡልቴ፣ ነጋዳ? እንዴት አደርክ? ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ጎማው እንዴት ነው?» እያሉ በገዛ ድምፃቸው ቀድተውታል፤ ማለቂያ የለውም። ቆረጥኩት። ገጹ ብን ብሎ ተከፈተ። እሰይ!

እሑድ ጠዋት ያው ሾፌር እንዲሞክረው ነገርኩት። ከሰዓት ቢሮ በር ላይ ፊቱን አጨፍግጎ ቆሟል። ወረፋውን ጥሎ ከሞጆ ተመልሷል!

«አልከፈተም እንዴ?»

«ከፈተ እንጂ። ጋሼ ግን ሰላም አላሉኝም። ምን አስቀየምኳቸው? ሽማግሌ ይዤ ልምጣ?»

ሳቄን በመዳፌ አፈንኩ። የናዝሬት ልጅ ሆኜ፣ ሰላም ሳይባል ወደ ሥራ እንደማይገባ እንዴት ይጥፋኝ? ቁጭ ብዬ የቆረጥኩትን የድምፅ ፋይል መልሼ፣ ክብደቱን ጨምቄ አሳነስኩት፤ ከሁሉም ቀድሞ ወርዶ እንዲናገር አደረግሁ። ጋሼ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎማ ሲጠይቁ የቀረው ፕሮግራም ከኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ሰኞ ባለቤቱ አጠገባችን ቆመው ሳሉ ሾፌሩ ከሞጆ ደወለ። «ተመስገን፣ ጋሼ ታርቀውኛል! ደህና ነኝ ብዬ ሳልጨርስ ተራዬ ወጣ!» ባለቤቱ ሳቁ። የአዲስ አበባዎቹ ነገር በዚያው ቀረ።

ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ሁሉም አለ? ምንም አልጣልሽም?» አሉኝ።

«ሁሉም አለ፣ ጋሼ።»

«የፕሪንተሯም?»

«የፕሪንተሯም።»

«ውሸታም! ፕሪንተሯን አምና ለቁራሌው ሰጥቻታለሁ። የጻፍኩላትን ለማጥፋት ግን እጄ እምቢ አለኝ።» መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሶደሬ ለምን የሄድኩ ይመስልሻል? ጉልበቴማ ደህና ነው።»