እናቴን ያስደነገጠው ቶፉ

እናቴ ዛሬ ከፋብሪካ ገብታ ድስቴን ከፍታ አየችና በሩን ቆለፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ እስራኤል፣ ካርሜ ጋት ሰፈር ስሮጥ ጉልበቴ ካበጠ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አብረውኝ የሚሮጡት ጉዶች "ሥጋም ወተትም እንቁላልም ተው፣ ቲቮኒ ሁን፣ እብጠቱ ይጎድላል" አሉኝ። ስንቱን ያሞኘሁት እኔ ተሞኘሁ!

ዛሬ ቶፉ፣ ያንን የአኩሪ አተር አይብ፣ ፈርፍሬ በተልባ ለወስኩት። ተልባው እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። ቶፉው የረጠበ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሽታው ጉልበቴን ከምቀባው ቅባት ጋር ሲደባለቅማ፣ ኤጭ!

(ለጠላቴ እንኳ አልሠራለትም። እሺ፣ ለአንድ ሁለቱ እሠራለሁ።)

እማዬ በሩን ቆልፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንተ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ። ጾም ጀመርክ እንዴ?"

"ኧረ እማዬ፣ ለጉልበቴ ነው!"

"ክርስትናውን ትተን ወደ ይሁዲነታችን ስንመለስ ስንት ለፍተናል! ይሁዲነቴ የሚጸድቅበት የግዩር ፈተናዬ ደርሷል። ጎረቤት አይቶ ለሚፈትነኝ ራቢ ቢነግርብኝስ?"

ቢቸግረኝ ማንኪያውን ሰጠኋት።

"እስቲ ቅመሺውና ፍረጂ።"

ቀመሰች። ወዲያው ሶፍት ላይ ተፋችው። ሁለቴ ተጉመጠመጠች። ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ተመስገን! ይሄንንማ ለእግዜር ብሎ የሚበላ የለም" አለችና ሄዳ በሩን ከፈተችው።

እናንተስ፣ ለጤና ብላችሁ የበላችሁት በጣም አስቀያሚ ነገር ምንድነው? ጻፉ እንጂ፣ ብቻዬን አያቅለሽልሸኝ።