ጓዳዬን ያፈረሰው ሰው

ይሄ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ስንኖር ነው። ያኔ ሰፈሩ እንደዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረም፣ ቪላና ሜዳ ነው። ስንቱን ነገር ረስቼ ይሄን አልረሳሁትም። ስለተበደልኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብድሬንም ስለመለስኩ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱ ሾመውና ቪላ ተሰጠን። አንድ አለቃ ነበረው፣ ትልቅ ካድሬ፣ ሰው ሁሉ ጓድ እያለ የሚንቀጠቀጥለት። ሚስቱ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባለቤቴ እነሱን ቤቱ ጋብዞ ለማስደሰት የማይሆነው የለም። ቪላው ውስጥ ጥቂት ዓመት እንደኖርን፣ አንድ ቀን ጌታሁን የሚባል ሰው ይዞ መጣ። ውጭ አገር ቤት ማሳመር ተምሮ የመጣ ነው፣ ዲኮር ሠሪ ይሉታል።

በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ሽርጥ አድርጌያለሁ።

"ማሚቴ፣ እመቤትሽን ጥሪልኝ" አለኝ።

እመቤቷ እኔ ነኝ ስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላም ማሚቴ ማለቱን አልተወም። ባለቤቴም አብሮት ይስቃል።

ጌታሁን ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ቤቱን ዞረው። ሳሎኑም፣ መብል ቤቱም፣ ጓዳውም አንድ ላይ ክፍት ይሁን፣ ከዋናው በር እስከ ጓሮው መስኮት ዓይን የሚያግድ ነገር አይኑር አለ። እኔ ደግሞ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ድስቴን የት ነው የምከፍተው አልኩት። ጎረቤት ችግሯን ልትነግረኝ ስትመጣ የት ነው የማስገባት? ሰው ፊት የማይሆን ነገር የት ነው የሚሆነው?

ይሄኔ ነው ያቺን ቃል የተናገራት።

"ማሚቴ፣ ዘመኑ የጓድ ነው፣ የጓዳ አይደለም።"

ባለቤቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ቃሏን ያዝኳት።

በዚያው ሰሞን እናቴ አገር ቤት አረፈች። ለአርባዋ ስሄድ እስክመለስ ጓዳዬ እንዳይነካ ባለቤቴን አስምዬው ነው የሄድኩት።

ተመልሼ በሩን ስከፍት ቤቱ ገደል መሰለኝ። ግድግዳ የለም። ምድጃዬ፣ ድስቶቼ፣ የበርበሬ ዕቃዬ፣ ሁሉም ከሳሎኑ ይታያል። ጓዳው በነበረበት ደግሞ እንደ ቡና ቤት ባንኮኒ ቆሟል፣ ላዩ ላይ የመጠጥ ብርጭቆ ተደርድሯል። ሻንጣዬን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ። እንጨቱ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ነገር አየሁ። እናቴ ጧፍ ስታበራ ያቃጠለችው ነው።

ሳጥኔ ነበር። ስዳር እናቴ የሰጠችኝ፣ የራሷም የሙሽርነት ሳጥን። ጌታሁን እንጨት ጠፋ ብሎ ጠርቦት ነው። ውስጡ የነበረውን፣ የልጆቼን የክርስትና ልብስና የእናቴን ነጠላ፣ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ሰርቪስ ቤት ወርውሮታል። አፈሯ ገና ሳይደርቅ።

ጌታሁን እዚያው ነበር።

"አየሽ ማሚቴ? ያ አሮጌ ሳጥን ሰው ሆነ" አለኝ።

አላለቀስኩም። እሱ እያየኝማ አላለቅስም። የሳጥኑን ማጠፊያዎች ከፍርስራሹ ውስጥ ለቅሜ በመቀነቴ ቋጠርኩ። ባለቤቴ ለሳጥን ነው እንዴ ፊትሽን ያጠቆርሽው ሲለኝ እራቱን አቀረብኩለት። ግን ሌት ተቀን የማስበው እሱን ሰውዬ ነበር። ምን ባደርገው ነው የሚያመው እያልኩ።

መልሱ ራሱ እግሩን አንስቶ መጣልኝ። ለካ እትዬ አስካለ ገርጂ በኩል ያለውን ትልቁን ቤታቸውን ሊያሳምሩ ሰው ይፈልጋሉ። ጌታሁን ያንን ሥራ ካገኘ ባለሥልጣን ሁሉ ይጠራዋል። ስለዚህ የኛን ቤት ቶሎ እንዲያዩለት ቸኮለ፣ ግብዣው የሚሆንበትን ቀንም ራሱ ቆረጠ። የቆረጠው ፍልሰታ ላይ ነበር። እሱ ጾም አያውቅ፣ ባለቤቴም ከተሾመ ወዲህ ጾም የሚባል ነገር አላየሁም ባይ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። እትዬ አስካለ ጾመኛ ናቸው። ባላቸው ስብሰባ ላይ ቄሱንም ታቦቱንም ሲያብጠለጥል ይውላል፣ እሳቸው ደግሞ በሁዳዴ እኛ ቤት በመጡ ቁጥር ልርዳሽ ብለው ጓዳ ይገባሉ። በሩን ዘግቼ ሽሮ አቀርብላቸዋለሁ፣ ቶሎ ቶሎ በልተው አፋቸውን ጠርገው ይወጣሉ። ሳሎን ሲመለሱ ሰሃናቸው ላይ አጥንት ይዘው ይቀመጣሉ። ይሄን የምናውቀው እኔና እሳቸው፣ ምናልባትም ባላቸው ነን።

ስለ ቀኑ ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤቴ ዶሮ ይሠራ አለ፣ ሠራሁ። ለእትዬ አስካለ ብዬ ደግሞ ሰርቪስ ቤት ከሰል ላይ ሽሮ ጣድኩ። እሳቸው ምን በደሉኝ?

እንግዶቹ መጡ። ጌታሁን ሙሉ ልብስ ለብሶ ቤቱን ያስጎበኛል፣ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ጓዱም ጥሩ ነው፣ ዘመናዊ ነው አለ። ምግብ ቀረበ። እትዬ አስካለ እንጀራዋን ቆረስ እያደረጉ በዓይናቸው በር ይፈልጋሉ። በር የለም።

ይሄኔ ወደ ጌታሁን ጠጋ ብዬ፣ "ቤቱን ያሳመርከው አንተ፣ እትዬ አስካለን ማን ያጉርስልህ?" አልኩት።

ደስ አለው። ከዶሮው ትልቅ ብልት መዝዞ ጠቀለለና እሳቸው ፊት ቆመ። በቃኝ አሉ። እሱ በሞቴ አለ። አትሙት፣ ጠግቤያለሁ አሉ። ወጡ በእጁ ላይ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንዲህ ብሎ ቀለደ፦

"ምነው እትዬ አስካለ፣ ጾመኛ ነኝ እንዳይሉን ብቻ!"

ማንም አልሳቀም። ጓዱ ሰሃኑን ያይ ጀመር። ያኔ እንዲህ ያለ ቃል ቀልድ አልነበረም።

ጨጓራቸውን እኮ ያማቸዋል፣ አልነገርኳችሁም እንዴ አልኩ። እትዬ አስካለ ጨጓራዬን ነው ብለው ብድግ አሉ። ጓዳ ገብቼ ውሃ ልጠጣ ብለው ለዓመታት በለመዱት አቅጣጫ ሄዱና ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መሄጃ የላቸውም። ሰው ሁሉ እያያቸው ነው።

"ጓዳሽን ምን አደረግሽው?" አሉኝ።

"ጌታሁንን ይጠይቁት" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። "ዘመኑ የጓድ ነው፣ የጓዳ አይደለም ብሎ አፍርሶታል።"

ጓዱ ሰሃኑን አስቀመጠ።

"ጓድ ማለት ለአንተ መቀለጃ ነው?"

ጌታሁን እንዲህ አላልኩም አለና ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ጉርሻው አሁንም ጌታሁን እጁ ላይ ነው፣ አይበላው፣ አይጥለው። ላቡ ግንባሩ ላይ ፈሰሰ። አየሁት። ጠግቤ አየሁት።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "የኔን ቤት ግድግዳ በጣትህም እንዳትነካት" አሉት። በጓሮ አድርጌ ሰርቪስ ቤት ወሰድኳቸው። ሽሮዋን ሲያዩ ፈገግታ አመለጣቸው፣ በሩን ዘጋሁላቸው።

ጌታሁን ሳይሰናበት ወጣ። በሩን የከፈትኩለት እንደመጀመሪያው ቀን እኔ ነኝ። "ማሚቴ ደህና ሁኚ በላት እንጂ" አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። አስሮ የሚወስደኝ ሰው ይመጣል ብሎ ፈርቶ ብዙ ጊዜ ቤቱ አላደረም አሉ። ማንም አልነካውም፣ ግን ባለሥልጣን ቤት ዳግመኛ አልተጠራም። ስሰማ ቅቤ እንደጠጣ ሰው አንጀቴ ራሰ።

ባለቤቴ በሳምንቱ ግንበኛ አመጣ። ባንኮኒው ፈረሰ። ከሳጥኔ ጣውላ ላይ ሌላ ጨማምረው ለጓዳዬ በር ሠሩልኝ፣ ማጠፊያዎቹን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋቸው።

ያ ሰፈር ለልማት ሲፈርስ ይዤ የወጣሁት በሩን ነው። አሁን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ኩሽናው ላይ አስገጥሜዋለሁ። ይቺ የምትጽፍልኝ ልጅ እማማ እናውጣው፣ ዘንድሮ ክፍት ኩሽና ነው ፋሽኑ ትለኛለች። ስሞት ታውጣው።

የንስሐ አባቴም ይቅር በዪው ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ማታ ማታ ግን በሩን ስዘጋው ማጠፊያው ሲጥ ይላል፣ እናቴ የሳጥኑን ክዳን ስትከፍተው እንደሚለው። ያን ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ እናቴ ትመጣብኛለች። ቀጥሎ ሰውዬው ጉርሻውን ይዞ እንደቆመ ይመጣል። እዚያው ይቁም።