ለየኔታ ስለ ልጃቸው የነገርኳቸው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማስቀየሜን ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ከየት እንደምጀምርላቸው ጠፋኝ፤ ነገሩ ከፊዚክስ ይነሳልና።

ዓለም ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ ጽሑፍ እተይብ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ፊዚክስ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከአሮጌ መጻሕፍትና እየተቆራረጠ ከሚመጣ ኢንተርኔት ነው። ስለ እሱ የማወራው አንድም ሰው አልነበረኝም።

አንድ ቀን የኔታ መጡ፤ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸው ዶክተር አስናቀ ውጭ አገር የቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪ ነው፤ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን መሣሪያ ሳይነካ በስሌት ብቻ የሚያጠና። ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጥር ሊጠይቃቸው ይመጣል ተብሎ ነበር።

«እስቲ እየው» አሉኝ በርጩማው ላይ እየተቀመጡ። «የሚጽፈውን የሚያነብለት ሰው አለ? ወይስ እንደ ሰነፍ ደቀ መዝሙር ለራሱ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው?»

ፈለግሁ። የጽሑፎቹ ዝርዝር ከጠቃሾቻቸው ብዛት ጋር ወጣ። አብዛኞቹን የጠቀሰ ጥቂት ነው። አንዱን ግን ብዙ ተመራማሪ ጠቅሶታል። ከጠቃሾቹ የተወሰኑትን ከፍቼ መግቢያቸውን አነበብኩ፦ አስናቀ ሊኖር ይችላል ያለውን ቅንጣት ፈልገው አላገኙትም።

«ብዙ ሰው ያነሳዋል፣ የኔታ» አልኳቸው። «የሚያነሱት ግን ስህተት ነው ለማለት ነው።»

«ሁሉም?»

«ያየኋቸው ሁሉ።»

ቅኔ ቤት በጉባኤ ፊት የተነቀፈ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። የኔታ የሚያውቁት ይህንን ነው። በሱቁ ስልክ አስደወሉኝና «አትምጣ» አሉት። «መጀመሪያ እዚያው ያበላሸኸውን አቃና።» ልጁ ብዙ ተናገረ፤ እሳቸው ግን ስልኩን መለሱልኝ።

አስናቀ በጥር አልመጣም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም። የተጠቀሰውን ጽሑፍ ራሱን ቀስ እያልኩ አነበብኩት። አስናቀ ቅንጣቱ ካለ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚተው አስልቶ፣ ምልክቱ ካልታየ ሐሳቤ ይውደቅ ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። ፈላጊዎቹ የፈለጉት በእሱ ስሌት ነው። የሥራው ልማድ እንዲህ ነው፤ መፈተን ውርደት አይደለም። በራሳቸው በፈላጊዎቹ ጽሑፍም፣ እኔ አንብቤ ካቆምኩበት ቀጥሎ ባለው ዓረፍተ ነገር አመስግነውታል። ለምን እዚያ ጋ አቆምኩ?

ይህን ሳውቅ የኔታ በሕይወት ነበሩ። በየገበያው ቀን በሱቁ ደጅ ያልፋሉ። ለምን አልነገርኳቸውም? የከተማው ሰው «ዶክተሩን ያረመው ልጅ» ይለኝ ስለነበር ነው። የኔታም ሲያልፉ «አንተስ ሳታሽሞነሙን የምትናገር ልጅ ነህ» ይሉኛል። እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ እነሳለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። ደጋግሜ አውቄ ዝም አልኩ።

በክረምቱ አረፉ። አስናቀ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ወደ ሱቁ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ የፊዚክስ መጽሐፍ ሲያይ ፊቱ በራ። «እዚህ ማን ያስተምርሃል?» ሲለኝ «ማንም» አልኩት። ያቃተኝን ስሌት እስኪመሽ አስረዳኝ። በሕይወቴ ከሰው ጋር ስለ ፊዚክስ ያወራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሊወጣ ሲል ቆም አለ።

«አባቴን ስለ ሥራዬ እንዲያ ያላቸው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩት።

ልጅ ነበርኩ አልልም። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር አልልም። አባትና ልጅ ሳይተያዩ እንዲለያዩ አደረግሁ፤ ልጁ ሲጠይቀኝም ካድኩት። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደለው እሱ ነው። ከተመለሰ በኋላ መጻሕፍት ላከልኝ። ደርሰውኛል፤ እያነበብኳቸው ነው። ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ግን እስካሁን አልጻፍኩለትም። መጀመሪያ ልጽፍለት የሚገባኝ ሌላ ነው፤ እሱን ሳልጽፍ ባመሰግነው ዳግመኛ መካድ ይሆንብኛል።